ዛየን በበዓል ሰሞን፦ እናትን፣ ልጆችንና የሰው ብዛትን ይዞ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «በግንቦት መጨረሻ፣ በሜሞሪያል ዴይ ቅዳሜና እሁድ፣ ከላስ ቬጋስ በሚኒቫን ዩታ ወዳለው ዛየን ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ነው። ዓርብ ማታ ገብተን ቅዳሜን እዚያ እንውላለን፤ እሁድ ወደ ብራይስ ካንየን እንቀጥላለን። በፓርኩ በር ላይ ባለችው ስፕሪንግዴል ከተማ ሆቴል ይዘናል። እናቴ (67 ዓመታቸው ነው፣ ግሪን ካርድ አላቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል)፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ ናቸው፤ ልጆቹ 14 እና 9 ዓመታቸው ነው። አምና የሄዱ ጓደኞቻችን ግን ‹ያየነው የሰው ጀርባ ነው፣ ፓርኪንግ ስንፈልግ ዋልን› አሉን። ትልቁ ልጄ ደግሞ ኤንጀልስ ላንዲንግ የሚባለውን የገደል ጫፍ ካልወጣሁ ብሎ ይዞኛል። እንሂድ ወይስ ሌላ ቦታ እንፈልግ?»

እህቴ፣ ሂዱ። ጓደኞችሽ የነገሩሽ እውነት ነው፤ እኔም በአስጎብኚነት ቤተሰቦችን ከቬጋስ እየነዳሁ ስመላለስ እንደዚያ የዋሉ ሰዎችን ፊት ደጋግሜ አይቻለሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። የጎብኚዎች ማዕከሉ ፓርኪንግ ሞልቷል። ወደ ከተማው ተመልሰው ለመኪናው ቦታ ሲፈልጉ ሰዓቱ ይነጉዳል፣ ከዚያ በፀሐይ የአውቶቡስ ሰልፍ ይይዛሉ፣ ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ ቀትር ሆኗል። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ገደሉ ቀለሙን አጥቷል፣ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ዛየን ብለው የሚያወሩት ያንን ነው። በዚያው መንገድ ላይ ማለዳ ቢሆን የሚሰማው የወንዙ ድምፅ ብቻ ነበር።

(ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ወርና ዓመት ግን በፈረንጆቹ፤ የፓርኩን የጊዜ ሰሌዳ ስታነቢ ስድስት ሰዓቱን እያሰላሽ።)

መጀመሪያ ለምን እንደሚጨናነቅ ልንገርሽ፣ የምመክርሽ ሁሉ ከዚያ ስለሚመዘዝ። ፓርኩ ራሱ ሰፊ ነው፣ ወደ 600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዓመት ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይመጣል፤ አብዛኛው ግን የሚመጣው ለዋናው ሸለቆ ነው፣ ቨርጂን የሚባለው ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ ለሠራው። በሸለቆው ውስጥ ያለው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ መጨረሻው ዝግ ስለሆነ በገባሽበት ትወጫለሽ። ግራና ቀኙ እስከ 600 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ነውና ማስፋት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከ2000 ጀምሮ የፓርኩ አውቶቡሶች በሚሠሩበት ወቅት፣ በግምት ከመጋቢት እስከ ኅዳር፣ የግል መኪና ወደ ሸለቆው አይገባም። አውቶቡሱ ነፃ ነው፣ ትኬትም ቀጠሮም አይጠይቅም፣ ዘጠኝ ቦታ ይቆማል፤ ከጎብኚዎች ማዕከል እስከ መጨረሻው ፌርማታ 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሰው ሁሉ አንድ በር፣ አንድ ሰልፍ፣ አንድ መንገድ ነው ያለው። ሰልፉን የሚለየው ሰዓት ብቻ ነው፤ በበዓል ሰሞን ረፋድ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስቆማል፣ ማለዳና ማምሻ ላይ ግን ይቀላል።

ስፕሪንግዴል መያዛችሁ ግማሹን ሥራ ሠርቶላችኋል። ሌላ ቦታ አድራችሁ ብትመጡ ምክሬ የተለየ ይሆን ነበር።

ዓርብ ከቬጋስ ከቀትር በፊት ውጡ። መንገዱ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለ ጭንቅንቅ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ነው፤ በበዓል ዋዜማ ግን ኢንተርስቴት 15 ይታጨቃል። አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ዩታ ከኔቫዳ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልክሽ ራሱን ያስተካክላል፣ የመኪናው ሰዓት ግን ላያስተካክል ይችላል፤ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ለመያዝ የተነሳ ሰው በዚህ አንድ ሰዓት ሲበላሽበት አይቻለሁ። ከመስኪት አልፋችሁ አሪዞናን ስታቋርጡ መንገዱ ከፍተኛ ገደሎች መካከል ይገባል፤ ከሥር ያለው ወንዝ ያው ቨርጂን ነው። ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ነገ ከነጫማቸው አጠገቡ የሚቆሙበት ወንዝ ነው። ነዳጅም፣ ውሃም፣ የምትይዙትንም ምግብ ሴንት ጆርጅ ወይም ሃሪኬን ላይ ጨርሳችሁ ግቡ።

በሩ ላይ የአንድ መኪና መግቢያ 35 ዶላር ነው፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። እናንተ ግን ይህን አትክፈሉ። እናትሽ ከ62 ዓመት በላይ ናቸው፣ ቋሚ ነዋሪም ናቸው፤ ስለዚህ የአረጋውያን የዕድሜ ልክ ማለፊያ በ80 ዶላር ማውጣት ይችላሉ። በመኪናው ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ያስገባል፣ እሁድ ብራይስም ላይ ይሠራል፣ ከዚያም በኋላ እሳቸው እስካሉበት ድረስ በአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ያገለግላል። ግሪን ካርዳቸውን ይያዙ። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ፣ ዕድሜው 16 ከሞላና ለነዋሪ ላልሆኑ የተዘጋጀውን የዓመት ማለፊያ ካልያዘ፣ ዛየንና ብራይስን ጨምሮ በ11 ፓርኮች ተጨማሪ 100 ዶላር እንዲከፍል ተደንግጓል፤ እናትሽን አይመለከትም፣ ከአገር ቤት እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሌላ አንባቢ ግን አስቀድሞ ያስብበት።

ዓርብ ማምሻውን ብዙ አትሞክሩ። ከጎብኚዎች ማዕከሉ የሚነሳው ፓሩስ የሚባል የእግር መንገድ አስፋልት ነው፣ ሜዳ ነው፣ ወንዙን ይዞ ይሄዳል። መኪና ውስጥ ተጣጥፎ ለዋለ ጉልበት ከዚያ የተሻለ የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ዎችማን የሚባለው ተራራ ከሥሩ ጨልሞ ጫፉ ብቻ እንደ ፍም ይቀላል፤ አጋዘኖችም በዚያ ሰዓት ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። የ9 ዓመቱ ልጅሽ ማዕከሉ ሳይዘጋ ፓርኩ ለልጆች የሚሰጠውን የጁኒየር ሬንጀር ደብተር ይውሰድ። ጥያቄዎቹን ሞልቶ ሲመልስ ምልክት ይሰጡታል፣ ቅዳሜም «መቼ ነው የምንሄደው» ከማለት ያድናችኋል።

ቅዳሜ ሌሊት ነው የምትነሱት። የመጀመሪያው አውቶቡስ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ሰዓቱን ዓርብ ማታ አረጋግጡና ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ሰልፉ ላይ ሁኑ። ሆቴላችሁ ለበሩ ቅርብ ከሆነ በእግር ሂዱ፤ ካልሆነ ግን መኪናውን በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ፓርኪንግ ውሰዱት፣ በዚያ ሰዓት ቦታ አለ።

አብዛኛው የማለዳ ሰው ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ለኤንጀልስ ላንዲንግ ይወርዳል። እናንተ ከእናትሽ ጋር እስከ መጨረሻው፣ የሲናዋቫ መቅደስ እስከሚባለው ዘጠነኛ ፌርማታ ሂዱ። ከዚያ የሚነሳው ሪቨርሳይድ ዎክ ደርሶ መልስ 3.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ የተነጠፈ ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ሜትር በተሽከርካሪ ወንበርም ይኬዳል። እናትሽ ምርኩዝ ይያዙና በራሳቸው እርምጃ ይሂዱ። እዚህ መንገድ ላይ «መጨረሻው ድረስ ካልደረስን» የሚባል ነገር አያስፈልግም፤ ጉልበታቸው በቃኝ ባለበት ቢቆሙ የጎደለባቸው የለም።

ከጎናችሁ ያለውን ግድግዳ ቀርባችሁ ተመልከቱት። ድንጋዩ ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት በረሃ የነበረ የአሸዋ ክምር ነው፤ ነፋስ የደረበው ሽፋን በሽፋን እስካሁን ይታያል፣ እንደ ተነባበረ ጨርቅ። አሸዋ ስለሆነ ዝናብ ያሰርጋል። ውሃው ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድና ከሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን ሲያግደው ወደ ጎን ዞሮ በገደሉ ፊት ላይ ይወጣል። በዚያ እርጥበት ላይ ፈርንና አበባ ተንጠልጥሎ ይበቅላል፤ በዚያ ደረቅ አገር መካከል ግድግዳው አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚህ ሸለቆ ከድንጋዩ የሚወጣው ውሃ ከላይ ዘንቦ እዚያ እስኪደርስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። እኔ ለቤተሰቦች ይህን ስነግር የላሊበላ ቤተ ክርስቲያናት ከመታነጻቸው በፊት የዘነበ ዝናብ ሊሆን ይችላል እላለሁ። አንዲት እናት ይህንን ሰምተው መዳፋቸውን ከጠብታው ሥር ዘርግተው ብዙ ቆዩ፣ ምንም አልተናገሩም። ልጆቻቸውም ዝም አሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ለእኛ ሰው። ከድንጋይ የሚፈልቅ ውሃ ያየች እናት ፊቷን ልታብስበት፣ ልትጠጣው ትፈልጋለች፤ ጸበል ነው የሚመስላት። የወንዙን ውሃ ማንም እንዳይጠጣ፣ ፊቱንም እንዳይነክርበት። ከ2020 ጀምሮ በቨርጂን ወንዝ ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ረቂቅ ሕዋስ ተገኝቷል፤ ተጓዦች የሚይዙት የውሃ ማጣሪያ አያስወግደውም። ጠርሙሶቻችሁን በጎብኚዎች ማዕከልና በመጨረሻው ፌርማታ ባሉት የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎች ሙሉ።

ሪቨርሳይድ ዎክ የሚያልቅበት ቦታ ዘ ናሮውስ የሚጀምርበት ነው፤ ሰዎች ውሃው ውስጥ እየተራመዱ ወደ ጠባቡ ሸለቆ የሚገቡበት። ልጆቹ ቢያምራቸው አልፈርድባቸውም፣ ግን በግንቦት መጨረሻ ላይ አትቁጠሩበት። ከላይ ያለው በረዶ ስለሚቀልጥ ወንዙ ይሞላል፤ ፍሰቱ በሴኮንድ ከ150 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ከ4,200 ሊትር ገደማ ካለፈ ፓርኩ ይዘጋዋል። ክፍት ቢሆንም ውሃው አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቅዝቃዜ አለው። ስለ ደራሽ ጎርፍ ግን በማንኛውም ወቅት ለልጆቹ ንገሪያቸው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ከሩቅ የዘነበ ዝናብ በደቂቃዎች ውስጥ ሸለቆውን ሊሞላው ይችላል። በመስከረም 2015 በዚሁ ፓርክ ኪሆል በተባለ ጠባብ ሸለቆ ሰባት ሰዎች በአንድ ደራሽ ሞተዋል። ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ዕቃ ሳይሰበሰብ፣ ፎቶ ሳይነሳ ወደ ከፍታ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ልጅሽ። ኤንጀልስ ላንዲንግ፣ የመላእክት ማረፊያ እንደ ማለት ነው፣ ከ2022 ሚያዝያ ጀምሮ ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ ፈቃዱም በዕጣ ነው። ወቅታዊው ዕጣ አምልጧችሁ ከሆነ የዋዜማው አለ። ለቅዳሜ ዓርብ ዕለት በሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ታመለክታላችሁ፤ የሚዘጋው በዩታ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ በቬጋስ ስምንት ማለት ነው፣ መንገድ ላይ እንዳያልፋችሁ። ውጤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይታወቃል። ማመልከቻው 6 ዶላር ነው፣ ከደረሳችሁ በሰው 3 ዶላር ይጨመራል። ለአባትና ለልጅ ብቻ አመልክቱ። የ9 ዓመት ልጅ እዚያ ቦታ የለውም፤ ይህን ስል አላመነታም። የመጨረሻው ክፍል በግራም በቀኝም ገደል የሆነ፣ ሰንሰለት ይዘው የሚሄዱበት የድንጋይ ጠርዝ ነው፤ ከሸለቆው ወለል ወደ 450 ሜትር ከፍ ይላል፣ ሰው ወድቆ የሞተበት ጊዜ አለ። ለ14 ዓመቱ የምወስነው በዕድሜው አይደለም። ከፍታ ላይ ይረጋጋል? አባቱ «እንመለስ» ሲለው ያለ ክርክር ይመለሳል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ ይሂድ። ነፋስ ካለ ወይም ድንጋዩ ዝናብ ከነካው ማንም አይሂድ።

ዕጣው ካልደረሳቸው ልጁ እንዳይከፋው፤ ስካውት ሉክአውት እስከሚባለው ቦታ ፈቃድ አያስፈልግም። ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋልተርስ ዊግልስ የሚባሉትን 21 ጠመዝማዛ እጥፋቶች የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው፣ እውነተኛ ዳገት ነው። ከላይ ሸለቆው ሁሉ ከእግሩ ሥር ይሆናል፣ የኤንጀልስ ላንዲንግን ጠርዝና ሰንሰለት ይዞ የሚወጣውን ሰውም ከፊት ለፊቱ ያያል። ያንን አይተው «ይቅርብኝ» ያሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ክንፉ ላይ ቁጥር የታሰረለት ትልቅ ጥቁር አሞራ ካየ የካሊፎርኒያ ኮንዶር ነው። በ1987 ይህ አሞራ በዱር አንድም አልቀረም ነበር፤ በእንክብካቤ ከተባዙት ተለቅቀው፣ ከመልሶ ማቋቋሙ ጀምሮ አንድ ሺህኛው ጫጩት በ2019 የተፈለፈለው እዚሁ ዛየን ውስጥ ነው።

ሁለት ቡድን ስትሆኑ የመገናኛ ሰዓትና ቦታ ከአውቶቡሱ ሳትወርዱ ተቃጠሩ። ሸለቆው ውስጥ ስልክ እምብዛም አይሠራም። አምስተኛው ፌርማታ፣ ዛየን ሎጅ፣ ለዚህ ይመቻል፤ ከፊቱ መስክ አለ፣ መስኩ ላይ ትልቅ ጥላ ያለው ዛፍ አለ። እናትሽ እዚያ ተቀምጠው ይጠብቁ። ትንሹ ልጅ ሽኮኮዎቹን እንዳይመግብ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ክልክል ነው፣ ደግሞም ይነክሳሉ።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሌላው ሰው ሲገባ እናንተ ውጡ። ይህ ምክር ብዙ ሰው የማይቀበለኝ ነው፤ «ይህን ያህል መንገድ መጥተን ሆቴል ልንተኛ?» ይሉኛል። አዎ፣ ተኙ። ሙቀቱ በዚያ ወቅት ይበረታል፣ እናትሽ ከሌሊት ጀምሮ በእግራቸው ናቸው፣ ልጆቹም። ምሳ ብሉ፣ አረፍ በሉ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ሰው ሲወጣ ወደ ላይ የሚሄደው አውቶቡስ ይቀላል፤ ያን ጊዜ ተመልሳችሁ የቀራችሁን እዩ። የመጨረሻው አውቶቡስ ከሸለቆው የሚወጣበትን ሰዓት ግን በወረቀት ጻፉት፤ ያመለጠው ሰው በጨለማ የሰዓታት የእግር መንገድ ነው የሚጠብቀው።

እሁድ ማለዳ፣ ወደ ብራይስ ከመውጣታችሁ በፊት፣ እናትሽን አራተኛው ፌርማታ ላይ አውርጃቸው። ይህን ሆን ብዬ ለእሁድ አቆየሁት። ዛየን የሚሉት ስም ያው ጽዮን ነው። የደቡብ ፓዩት ሕዝብ ሸለቆውን ሙኩንቱዊፕ ይሉት ነበር፤ በ1909 መንግሥት የተከለለ ቦታ ሲያደርገውም መጀመሪያ በዚህ ስም ነበር። ጽዮን ያለው በ1860ዎቹ እዚያ ጎጆ የቀለሰ አይዛክ ቤሁኒን የተባለ የሞርሞን ሰፋሪ ነው፤ ስሙ በ1918 ጸና፣ በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1916 ደግሞ አንድ የሜቶዲስት ሰባኪ ሸለቆውን ሲጎበኝ ጎን ለጎን የቆሙትን ሦስት ጫፎች አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ብሎ ሰየማቸው። አራተኛው ፌርማታ የእነሱ ነው። ጫፎቹ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ስለሰጡ ጎህ ሲቀድ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው፤ ማምሻ ላይ ግን ፀሐይ ከጀርባቸው ስለምትጠልቅ ጥላ ብቻ ናቸው። ከፌርማታው ወደ ማያው የሚወስደው መንገድ ከመቶ ሜትር አይበልጥም፣ ዳገት ስለሆነ ግን ክንዳቸውን ደግፏቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ ንገሪያቸው። ከዚያ ቀጣዩን አውቶቡስ ይዛችሁ ሎጁ ድረስ ሂዱና ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ወደ ብራይስ የምትወጡት በምሥራቅ በኩል፣ በዛየን ማውንት ካርሜል መንገድ ነው። ይህ ለግል መኪና ክፍት ነው፣ ሚኒቫንም በ1930 ተሠርቶ ባለቀው ባለ 1.8 ኪሎ ሜትር ዋሻ ያለ ችግር ያልፋል፤ ገደቡ ያለው በትልልቅ ካምፐሮች ላይ ነው። ከዋሻው እንደወጣችሁ በስተቀኝ ትንሽ ፓርኪንግ አለ፣ የካንየን ኦቨርሉክ ነው። ቦታ ከተገኘ ባለቤትሽና ልጆቹ ደርሶ መልስ 1.6 ኪሎ ሜትር ሄደው ሸለቆውን ከላይ ይዩት፤ ከሌለ መንገድ ዳር እንዳትቆሙ፣ ቀጥሉ። ቀጥሎ ቼከርቦርድ ሜሳ የተባለው፣ አግድምና ቁልቁል የተሰነጣጠቀው ነጭ ተራራ ይመጣል፣ እሱን ከመኪና ሳትወርዱም ታዩታላችሁ።

አንድ መጠባበቂያ ልተውልሽ። ቅዳሜ ማለዳ ባይሳካላችሁ፣ ልጅ ቢታመም ወይም እንቅልፍ ቢያሸንፋችሁ፣ ረፋድ ላይ ዋናውን ሰልፍ ለመያዝ አትሞክሩ። ኮሎብ ካንየንስ የሚባለው የዚሁ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል ከኢንተርስቴት 15 በመውጫ 40 ይገባል፤ ከስፕሪንግዴል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ 8 ኪሎ ሜትር ትወጣላችሁ፣ ከፍታ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፣ ቀያዮቹ ጣቶች የሚመስሉ ገደሎች ከመንገዱ ሆነው ይታያሉ፣ ሰዉም ከዋናው ሸለቆ ጋር አይወዳደርም። ለእናትሽ ጉልበት እንዲያውም ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው፤ ያው የመግቢያ ወረቀት ይሠራል፣ ማለፊያቸውን ይዘው ይሂዱ።